የእትዬ ስንዱ የተቆጣ አንጀት

«ያ ጨጓራ ጨረሳቸው።»

እትዬ ስንዱ ያረፉ ዕለት ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ይህን ስሰማ የሻሼን ጫፍ ነከስኩ። የነከስኩት በሐዘን ብቻ አይደለም፤ ንዴትም ነበረበት። ሐኪሞቹ ልባቸው ነው ብለዋል። ጠዋት ገበያ ደርሰው፣ ሽንኩርታቸውን በባጃጅ አስጭነው ተመልሰው፣ በራቸው ላይ ወድቀው ነው ያለፉት። ጨጓራቸው በዚያ ሰሞን ከእኔ ጨጓራ ይልቅ ደህና ነበር። ደግሞ ይህን የሚሉት እነማን ናቸው? በሕይወት ሳሉ «ምንም የለባቸውም፣ ሥራ ሲበዛባቸው የሚያመጡት ሰበብ ነው» ሲሉ የኖሩት ጎረቤቶች ናቸው። ሲያማቸው የለም የተባለ በሽታ፣ ከዳኑ በኋላ ገዳይ ሆኖ ተገኘ። ተነሥቼ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ለቅሶ ቤት ስለሆነ እንጂ እጮህ ነበር፤ እዚያ ያልተናገርኩትን ነው እዚህ የምጽፈው።

እኔ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር፣ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ብዙም ሳይርቅ፣ መድኃኒት ቤት የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። የእትዬ ስንዱ ምግብ ቤት ከእኛ ፊት ለፊት ነበር። ደንበኞቻቸው ተማሪዎችና የሚኒባስ ሾፌሮች ናቸው፤ ከሁሉ የሚሸጠው ደግሞ ሽሮ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፈጣን ሴት ነበሩ። ባላቸው አያ ሞላ አብረዋቸው ይሠራሉ፤ ቤቱን የሚያሽከረክሩት ግን እሳቸው ናቸው፤ አያ ሞላ የታዘዙትን ያደርጋሉ።

እትዬ ስንዱ መድኃኒት ቤታችን ሲገቡ ወረፋ የሚባል ነገር አያውቁም። ቀኝ እጃቸውን ጨብጠው ከጎድናቸው በታች ይጫኑና «እዚህች ጋ!» ይላሉ፤ ሰላምታቸው ይህ ነው። አንድ ጊዜ ለልጁ የሳል ሽሮፕ ሊገዛ የመጣ ሰውዬ አጠገባቸው ቆሞ ነበር።

«ምነው ዘይነባ፣ እኔ ቆሜ አንቺ ሰው ታስተናግጃለሽ?» አሉኝ።

«እትዬ፣ እሱ እኮ ነው ቀድሞ የመጣው።»

«እሱ ሳል ነው። ሳል ይቆያል።» ከዚያ የሰውዬውን እጅ ያዝ አድርገው ከጎድናቸው ሥር ወሰዱት። «እስቲ ዳብሰው፤ ድንጋይ አይደለም እንዴ?» ሰውዬው ደንግጦ «አዎ እናቴ፣ ድንጋይ ነው» አላቸው። ሽሮፑንም ረስቶት ሊወጣ ነበር።

በሽታቸው እንዲህ ነበር። ሁለት ሦስት ጉርሻ ሲበሉ ትልቅ ድግስ የበሉ ያህል ይጠግባሉ፤ ሆዳቸው ይነፋል፣ ከዚያ እንደ እሳት ያቃጥላቸዋል። ዓመታት አልፎታል። ተልባ ጠጥተዋል፣ ጸበል ተጠምቀዋል፣ የባክቴሪያ ምርመራውን አድርገው ነጻ ተብለዋል። አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል የሚባለውን ካፕሱል ከእኔ ይወስዳሉ፤ ይሻላቸዋል፤ ደግሞ ይብስባቸዋል። አወሳሰዱ ላይ የነበረንን ጭቅጭቅ ሳስበው አሁንም ደሜ ይፈላል። ካፕሱሉ ከቁርስ ግማሽ ሰዓት በፊት ይወሰዳል። ይህን ስነግራቸው «ቁርስ አልበላም» ይሉኛል።

«እሺ፣ መጀመሪያ ከሚበሉት ምግብ በፊት።»

«ምን እንደምበላ በምን አውቃለሁ? ሲርበኝ ነው የምበላ። ከራበኝ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ምን ያስጠብቀኛል?»

ይህም አልበቃ ብሎ «ሸጋ መድኃኒት ነው» እያሉ ለሾፌሮቹ ያድሉታል። ጀርባውን ያመመውም፣ ራሱን ያመመውም የእትዬ ስንዱን ካፕሱል ውጦ ነው መንገድ የሚወጣው። «እትዬ፣ መድኃኒት እኮ ቆሎ አይደለም!» ብዬ ስጮህ፣ «አትንጫጪ፣ አንዱ ድኗል» ይሉኛል። ማን እንደዳነ ጠይቄም ነበር። ጉንፋን የያዘው ረዳት ነው።

በካሜራ ሆድ የሚታይበትን ምርመራ እንዲያደርጉ የወተወትኳቸው እኔ ነኝ። አንድ ክሊኒክ ሄደው ታዩ። ማታ ሱቅ ልዘጋ ስል ፊታቸው ጠቁሮ መጡ።

«ዘይነባ፣ ጨጓራ የለዎትም አለኝ።»

«የለብዎትም ነው ያለዎት፣ እትዬ። በሽታው የለም ማለቱ ነው።»

«የለዎትም! በዚህ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን የዋጥኩት እንጀራ የት ነው የገባው? በኪሴ ነው የያዝኩት?»

እኔ ሳቅኩ፣ እሳቸው አልሳቁም። እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የእሳቸው ብቻ አይደለም። እኛ አካሉንም ጨጓራ፣ በሽታውንም ጨጓራ ብለን ጠርተነዋል። «ጨጓራ አለብኝ» የማይል ሰው ጎንደር ላይ ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። በሽታው ታይቶ ሲጠፋ ሰውየው አካሉንም የተቀማ ይመስለዋል። ክሊኒኩ ደግሞ «ቁስል አላየንም» ብሎ ከማስረዳት ይልቅ ይህችን አንዲት ቃል ሰጥቶ ሸኛቸው።

ወሬው ሰፈር ውስጥ ለመድረስ ቀን አልፈጀበትም። ምንም የለባቸውም ተባለ። ምንም ከሌለባቸው ታዲያ ለምን አይበሉም? አንድ የሰለቸው ደንበኛ ለጨዋታ ብሎ «ራሳቸው የማይበሉትን ነው እኛን የሚያበሉን» አለ፤ ጨዋታው ግን ከአፉ ወጥቶ መንገድ ገባ። ዘይቱን ተጠራጠሩ፣ ሽሮውን ተጠራጠሩ። የተወሰኑ ተማሪዎች ቀስ ብለው ወደ ሌላ ቤት ዞሩ።

ይህ እትዬ ስንዱን ከቃጠሎው በላይ ጎዳቸው። ያደጉት ደንቢያ፣ ኮላ ድባ አጠገብ ነው። እዚያ ጠላ የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀምሶ ነው ለእንግዳው የሚሰጠው። ያልቀመሱትን ለሰው ማቅረብ ነውር ብቻ ሳይሆን የሚያስጠረጥር ነገር ነው። «እኔ እናቴ ያሳደገችኝ እንዲህ አይደለም» አሉኝ አንድ ቀን፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። «የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ቤቴ መሀል፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ የሠራሁትን ሽሮ በአንድ ሙሉ እንጀራ መብላት። ከዚያ በኋላ የፈለጉትን ይበሉ።» ያን ቀን አንጀቴን በሉት። በማግስቱ ግን መጥተው ወረፋ አላከብር ሲሉ ተመልሼ ተናደድኩ።

ሌላ ሐኪም እንዲያያቸው አደረግሁ። ወጣት ነው፣ ቀስ ብሎ የሚናገር። እንደገና በካሜራ አያቸውና እሱም ቁስል አጣ። እሱ ግን እዚያ ላይ አላቆመም፤ ከትንሿ አንጀት መጀመሪያ፣ ከጨጓራው በር አለፍ ብሎ ካለው ቦታ፣ ናሙና ቆንጥሮ ለምርመራ ላከ። ውጤቱ ሲመጣ እትዬ ስንዱ እኔን ጎትተው ይዘውኝ ሄዱ፤ «ደግሞ የሌለኝን አካል ሲቆጥርብኝ ምስክር ትሆኛለሽ» ብለው።

«እናቴ፣ በዓይን ሲታይ ንጹሕ ነው» አላቸው ሐኪሙ። «በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን አንጀትዎ ተቆጥቷል። ሰውነታችን ጠላት መጣ ሲል የሚልካቸው ሴሎች አሉ። እነሱ እዚያ ቦታ ከሚገባው በላይ ተሰብስበዋል። ቶሎ የሚጠግቡትም፣ የሚያቃጥልዎትም በዚህ ሊሆን ይችላል።»

እትዬ ስንዱ ወንበራቸውን ወደፊት ሳቡ። «ማን አስቆጣው?»

«አሲድ ሊሆን ይችላል፤ ሌላም ነገር ሊሆን ይችላል። በትክክል አልታወቀም። አሲድ የሚቀንሰው ካፕሱል ግን አሲዱን ብቻ አይደለም የሚቀንሰው፤ እነዚህን የተቆጡትን ሴሎችም ያሳሳቸዋል፣ አንጀቱ ይረጋጋል። ለሁሉም ሰው አይሠራም። እርስዎ ግን በትክክል ይውሰዱትና እንየው። ሲሻልዎት ደግሞ እናቆመዋለን፤ ዕድሜ ልክ የሚዋጥ አይደለም።»

«እንግዲያው ነገ ምሳ ሰዓት ቤቴ መጥተህ ይህንኑ ቆመህ ተናገርልኝ።»

«የታካሚ ምስጢር ነው፣ እናቴ። አልናገርም።»

«ምስጢሩ የማን ነው? የእኔ አይደለም? አውጣው እያልኩህ!»

ሐኪሙ ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ።

ከዚያ በኋላ «አንጀቴ ተቆጥቷል» ያልሰማ ሰው ማራኪ ላይ አልቀረም። ለሚኒባስ ረዳት ነገሩ፣ ለሽንኩርት ነጋዴዋ ነገሩ፣ ሊፈትሽ ለመጣው የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነገሩ። ካፕሱሉንም ሳያጓድሉ መውሰድ ጀመሩ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እውነትም ቀለል አላቸው። እኔም አላህን አመሰገንኩ። ከዚያ ሁዳዴ ገባና ሁሉ ነገር እንደገና ተበላሸ። ሁለት ጉርሻ፣ ከዚያ እጅ ወደ ጎድን። ጎረቤትም «አላልናችሁም?» አለ። አያ ሞላ ሳይቀሩ አንድ ቀን ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ምናልባት ነገሩ የሐሳብ ይሆን?» አሉኝ።

እኔ ማበድ ነበር የቀረኝ። «በትክክል እየወሰዱ ነው?» እላቸዋለሁ። «በትክክል።» «ከሚበሉት በፊት ግማሽ ሰዓት?» «ዘጠኝ ሰዓት ላይ እወስዳለሁ፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ እበላለሁ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?» ያለወትሯቸው ሰዓት አክብረዋል። የካፕሱሉን ማብቂያ ቀን አየሁ፣ አከፋፋዩን ጠረጠርኩ፣ የሐኪሙን ውጤት ሳይቀር ጠረጠርኩ።

አንድ ቀን ያዘዝኩትን ምስር ልወስድ ወደ ወጥ ቤታቸው ገባሁ። መደርደሪያው ላይ፣ ከኮረሪማ መውቀጫዋ ትንሽ ሙቀጫ አጠገብ፣ ባዶ የካፕሱል ቀፎዎች በሳህን ተቀምጠዋል።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ቀፎው ነዋ።»

«ውስጡስ?»

«ወቀጥኩትና በውኃ ጠጣሁት።»

ቁጭ አልኩ። ወንበር ስላልነበረ የዱቄቱ ጆንያ ላይ ነው የተቀመጥኩት።

ነገሩ ለካ እንዲህ ነው። ከደንበኞቻቸው አንዱ የመድኃኒት ተማሪ ነው። ሽሮውን እየበላ ዕውቀቱን ሲያሳይ፣ የካፕሱል ሽፋን ከከብት አጥንትና ቆዳ እንደሚሠራ ነገራቸው። እትዬ ስንዱ ደግሞ ረቡዕንና ዓርብን ሳይቀር የሚጾሙ ሰው ናቸው። ከከብት ከሆነ የፍስክ ነው። ስለዚህ በጾም ቀን ሁሉ ቀፎውን እየከፈቱ፣ ፍሬውን እየወቀጡ ኖረዋል። በፍስክ ቀን የሚሻላቸው፣ ጾም ሲገባ የሚብስባቸው ለዚህ ነው። እኛ ደግሞ ሁላችንም ከጾም ምግቡ ነው ብለን ባቄላውን ስንረግም ከረምን።

«እትዬ፣ እነዚያ ፍሬዎች ልብስ አላቸው! ልብሳቸውን እንደለበሱ ነው ጨጓራን አልፈው አንጀት የሚደርሱት። ሲወቅጧቸው ራቁታቸውን ይሆናሉ፤ አሲዱ ገና መንገድ ላይ ያጠፋቸዋል። የሚጠጡት ዱቄት እኮ ምንም አይሠራም!»

«ቀፎው ከከብት ነው ወይስ አይደለም? እሱን ንገሪኝ።»

እዚህ ላይ ተያዝኩ። ይህን ጥያቄ ቤቴም አውቀዋለሁ፤ እናቴ ካፕሱል በሰጠኋት ቁጥር «የአሳማ እንዳይሆን» ትለኛለች። ለእናቴ ከከብት ነው ስላት ደስ ይላታል፤ ለእትዬ ስንዱ ከከብት ነው ስላቸው ሊከፋቸው ነው። አንድ ሽፋን ሁለት ሃይማኖት ሲያጨቃጭቀኝ የተማርኩት ትምህርት ምንም አልረዳኝም።

«ከከብት ነው» አልኩ። «የነፍስ አባትዎን ይጠይቁ።»

«አልጠይቅም።»

«ለምን?»

ሽርጣቸውን አስተካከሉ። «ታማሚ ነሽ፣ አትጹሚ ይሉኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ የጾምኩ ሴት ነኝ። እንጀራውን አልበላ፣ ጾሙን አልጾም፤ ታዲያ ከሰው ምን ቀረኝ?»

«አብሬዎት ሄጄ እኔ እከራከርልዎታለሁ» አልኳቸው። በማግስቱ ሚኒባስ ይዘን የነፍስ አባታቸው ወዳሉበት ወደ ቀሐ ወረድን። እሳቸው ቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ገቡ፤ እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። ቆይተው አባን ይዘው ብቅ አሉ፤ ለካ እንደደረሱ ምላሳቸው ተሳስሮ «እሷ ታስረዳዎት» ብለው ነው። እኔ፣ የሙስሊም ልጅ፣ በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ለአንድ አረጋዊ ቄስ የፍስክና የጾም ካፕሱል ላስረዳ ነው። አስረዳሁ።

አባ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ቀሚሳቸው ኪስ ሰደዱና የካፕሱል ብልቃጥ አወጡ። ያው የእኛው ኦሜፕራዞል ነው።

«ይሄ ነው?» አሉ።

«ይሄ ነው፣ አባ» አልኩ።

«እኔ ሌሊት ቆሜ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሜ፣ በምን የምኖር መስሏችኋል? መድኃኒት ለመዳን ይዋጣል እንጂ ሆድ ለመሙላት አይበላም። ጾምሽን ጹሚ፣ ይሄንም ዋጪ።»

«ሳይወቀጥ?» አሉ እትዬ ስንዱ።

«ሳይወቀጥ።»

ይደሰታሉ ብዬ ስጠብቅ ደም ሥራቸው ተገተረ። «ምነው አባ! ይህን ሁሉ ዓመት እኔ ስቃጠል ይህን በኪስዎ ይዘው ዝም አሉኝ?»

«አንቺስ የእኔን ሆድ መች ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

እስከ ማራኪ ድረስ በመንገድ ላይ አጉረመረሙ። የሚኒባሱ ሾፌር ሳይቀር ዞሮ አያቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ቀስ በቀስ ነው። መድኃኒቱ ተአምር አልሠራም። ሁለቱ ጉርሻ አራት ሆነ፤ አንድ ቀን ተመልሶ ሁለት ሆነ፤ ደግሞ ጨመረ። ቃጠሎው መጀመሪያ ማታ ማታ ተዋቸው፣ ከዚያ ቀንም እየራቀ ሄደ። እጃቸው ከጎድናቸው ሥር ሳይሆን ወገባቸው ላይ መታየት ጀመረ፤ ይህ ደግሞ ለእኛ የባሰ ነበር፤ ምክንያቱም ሰው ሲያዝዙ ነው እጃቸውን ወገባቸው ላይ የሚያደርጉት። የሁዳዴ መጨረሻ ሳምንታት ላይ አንድ ቀን በአስተናጋጇ «ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነይ» ብለው ላኩብኝ።

ስገባ ቤቱ ሞልቷል። እትዬ ስንዱ ሽርጣቸውን ፈትተው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ መሀል ያለው ጠረጴዛ ላይ ከተማሪዎቹ ጋር ተቀምጠዋል። ፊታቸው አንድ ሙሉ እንጀራ፣ ላዩ ላይ የሚንተከተክ ሽሮ። የመጀመሪያዋን ጉርሻ ሲያነሡ ጨዋታው ሁሉ ቀጥ አለ። ዋጡ። ሁለተኛዋን ዋጡ። ሦስተኛዋ ላይ ሁላችንም እጃቸውን እናያለን፤ ወደ ጎድናቸው አልሄደም። እንጀራው ከዳር ዳር እየተገመሰ ወደ መሀል ገባ። እኔ በር ላይ ቆሜ እንባዬ መጣ፤ ያን ያህል ያናደዱኝ ሴት ሲበሉ ሳይ ደስታዬን የማደርግበት ጠፋኝ።

ከዚያ ድንገት መብላት አቆሙ። ግንባራቸው ተቋጠረ።

«እትዬ፣ አመመዎት?»

«ቆይ አንቺ።» አንዲት ጉርሻ ጨመሩና ዓይናቸውን ጨፍነው አላመጡ። «ይሄ ምንድን ነው? ይሄ ሽሮ እኮ ጨው የለውም!»

እትዬ ስንዱ ዞር ብለው በየጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን የጨው ዕቃ አዩ። ተማሪ ሁሉ ጨው ሲነሰንስ «የዘመኑ ልጅ ምላሱ ሞቷል» ይሉ ነበር። በርበሬው ምላሳቸውን ሲያልፍ ስለሚያቃጥላቸው ከታመሙ ወዲህ እሳቸው ለብቻቸው አልጫ ነው የሚበሉት፤ ወጥ ቀማሹ አያ ሞላ ናቸው፤ አያ ሞላ ደግሞ በደም ግፊት ምክንያት ጨው ከተዉ ስንት ዘመናቸው።

«ሞላ!» አሉ ወደ ወጥ ቤቱ። አያ ሞላ ብቅ ብለው ሁኔታውን አዩና ተመልሰው ገቡ። «ይህን ነው እንዴ ስትበሉ የኖራችሁት? ምነው አንድ የሚናገር ይጥፋ?»

አጠገባቸው የተቀመጠው ተማሪ ሳህኑን እያየ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬ፣ እርስዎ ሲያምዎት እናያለን። የታመመ ሰው የሠራውን ምን ይሉታል? ይከፋዎታል ብለን ነው።»

እትዬ ስንዱ አንድ በአንድ አዩዋቸው። ምንም የለባቸውም ሲባል፣ ዘይታቸው ሲታማ፣ ሌላው ሲሄድ የቀሩት እነዚህ ልጆች ናቸው፤ ያለ ጨው ሽሮ እየበሉ የቀሩ።

«ታምሜ ነበር» አሉ። «አሁን ድኛለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ያልጣመውን አልጣመም በሉኝ።»

ከጥግ በኩል አንዱ ወዲያው «እንጀራውም ትንሽ ይኮመጥጣል» አለ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ ስንዱ አልሳቁም፤ «አንተን ቆይ!» ብለው ጣታቸውን ቀሰሩበት። ከዚያ የጨው ዕቃውን ወደ ራሳቸው ሳቡ፣ ሽሯቸው ላይ ነሰነሱ፣ የቀረውን እንጀራ ሁላችንም እያየናቸው በልተው ጨረሱት።